በሐምሌ የተመለመለው ቼሪ

ዋቅጅራን ስትሮክ የመታው በጥር ነው፤ የገብሱ ውቂያ አልቆ ሰው ትንሽ አረፍ ባለበት ሰሞን። ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር እንዳጎነበሰ ሳይነሳ ቀረ። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ ብለውት ነበር። ከአፉ ደግሞ ቃላቱ ሁሉ ተጠርገው ሄደው አንዲት ብቻ ቀርታ ነበር፤ «ነገ» የምትል።

ራበህ ወይ ሲሉት «ነገ» ይላል። በረደህ ወይ ሲሉትም «ነገ»። ሚስቱን ዋጋዬን በጣም የገረማት፣ ዋቅጅራ አፉን የፈታው በኦሮምኛ መሆኑ ነው። አማርኛን የለመደው ከፍ ብሎ አሰላ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነበር። የእናቱ ቋንቋ ሙልጭ ብሎ ሄዶ ከተማ ያስተማረችው አንዲት ቃል ብቻ ስትቀር፣ ዋጋዬ ነገሩን ከየት እንደምትይዘው አላወቀችም። ሐኪሙ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያጋጥም ነገራት። የሚባለውን ይሰማል፤ አእምሮውም አለ። ቃሉ ግን ሳይፈልገው የሚወጣ ነው፤ ትርጉም አትፈልጊለት አላት። እሷም ምክሩን ተቀብላ ቃሉን እንደ ሳል ቆጠረችው። ለሳል ደግሞ መልስ የሚሰጥ የለም።

መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን እየመጡ ጸለዩለት። ዋቅጅራ ዕድሜውን ሙሉ ከሠራበት ከችግኝ ጣቢያውም ባልደረቦቹ ሙዝና ብርቱካን ይዘው መጡ። ዋቅጅራ ጨዋታ አዋቂ ስለነበር ሰው የሚመጣው ጨዋታውን ለምዶ ነው። አሁን ግን ጠያቂዎቹ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጥቂት ያወሩና ይጨንቃቸዋል፤ ከእሱ የሚመጣው «ነገ» ብቻ ነው። ጠያቂም ቢሆን መልስ ይፈልጋል። ፋሲካ ሳይደርስ እግራቸው ቀጠነ፤ ከፋሲካ በኋላ ጭራሽ ጠፋ።

አንዲት ልጃቸው ፈናን ሮቤ ታስተምራለች። እሷም ትንንሽ ልጆች አሏት። እሑድ እሑድ ትደውልና አባዬን አቅርቢልኝ ትላለች። ዋጋዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝለታለች። እሱ የለመደውን ቃል ይላል፤ ፈናን «እሺ አባዬ» ትላለች፤ ከዚያ ድምጿ ይቆራረጣል። ዋጋዬ ስልኩን መልሳ ስትወስድ ኔትወርክ ነው ትላታለች ልጅቷ። ኔትወርክ አለመሆኑን ሁለቱም ያውቁታል።

ዋጋዬ መጀመሪያ ላይ ለባሏ ብዙ ታወራለት ነበር፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ። ቀስ በቀስ ተወችው። አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ጎረቤቷ ከዲጃ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ደህና አደርሽ ስትላት፣ ዋጋዬ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና ድምጿ ገና ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ጎርንኖ ወጣ። ከነጋ ጀምሮ ቃል እንዳልተነፈሰች ያወቀችው ያኔ ነው።

ከቤታቸው ጀርባ፣ ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ አጠገብ አንድ የቼሪ ዛፍ አለ። ዋቅጅራ የተከለው ፈናን የተወለደች ዓመት ነው። ችግኝ ጣቢያው ከውጭ አገር ለሙከራ አስመጥቷቸው ከነበሩት ችግኞች የተረፈ ሲሆን፣ ሌሎቹ ሲደርቁ ይህ ብቻ የአሰላን ብርድ ወዶ ጸደቀ። ሰፈሩ የፈረንጅ ቀጋ ይለዋል። ውርጭ ሲመጣ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በየካቲት ነጭ አበባ ያወጣል፤ በግንቦት ፍሬው ይቀላል። ዛፉን የሚነካው ዋቅጅራ ብቻ ነበር። በዓመት አንድ ቀን መሰላል ላይ ወጥቶ ሲመለምል ይውላል፤ ዋጋዬ ከወጥ ቤት ሆና ምሳ ደርሷል እያለች ትጣራለች። ምን እንደሚቆርጥ፣ ለምን እንደሚቆርጥ ጠይቃው አታውቅም። ፍሬውን መልቀም ግን ትወድ ነበር።

የታመመበት ዓመት ጥቅምት ላይ ወገቤን ብሎ ሳይመለምለው አልፎ ነበር። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ ቅርንጫፎቹ አድገው ቆርቆሮው ላይ ተኝተዋል። ቅጠሉ አሸንዳውን ደፈነው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ዞረና በኮርኒሱ በኩል ልክ ዋቅጅራ ከሚተኛበት አልጋ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ዋጋዬ አልጋውን ገፋ አደረገች፤ ሳፋ አስቀመጠች። ፍሳሹ ግን ተከትሏት መጣ። ለፈናን ብትደውል ልጆቹ ጉንፋን ይዟቸዋል፣ ስመጣ ሰው እንፈልጋለን አለቻት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወጣቶች እልክልሻለሁ ብለው ነበር፤ ዝናብ ነው መሰል ማንም አልመጣም።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ዝናቡ ትንሽ ጋብ አለ። ዋጋዬ ባሏን ጋቢ አልብሳ የጀርባ በረንዳው ላይ አስቀመጠችውና መሰላሉን ጎትታ አወጣች። መጋዙንም ከመሣሪያ ሣጥኑ አነሳችው። ዋቅጅራ መጋዙን ሲያይ ተነቃነቀ።

«ነገ» አለ።

ዋጋዬ መሰላሉን ግንዱ ላይ አስደገፈች።

«ነገ። ነገ!»

በደህናው እጁ የወንበሩን እጀታ ይመታ ጀመር። ዋጋዬ ሁለተኛው እርከን ላይ ቆማ ዞር ብላ አየችው። ከሌሊት ጀምራ ሳፋ ስትደፋ አድራ ደክሟታል።

«ለአንተ ሁሉም ነገር ነገ ነው» አለችው። «እኔ ላይ የሚያንጠባጥበው ግን ዛሬ ነው።»

ይህን ብላ ወጣች። ቆርቆሮው ላይ የተኛውን ትልቁን ቅርንጫፍ ከላይ ወደ ታች መገዘገዝ ጀመረች። ገና ግማሹን ሳትጨርስ ቅርንጫፉ በራሱ ክብደት ተሰንጥቆ ወረደ። ሲወርድም ቅርፊቱን ከግንዱ ላይ እንደ በግ ቆዳ ገፎ ይዞት ሄደ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ተጀምሮ አይተውም ብላ ሌሎቹንም በዝናቡ ውስጥ ቆረጠቻቸው። ስትወርድ ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ ነበር። የባሏ ፊት በእንባ ርሷል። ከታመመ ወዲህ በትንሽ በትልቁ ያለቅሳል፤ ሐኪሙም ይህ የሕመሙ ጠባይ ነው ብሏታል። ስለዚህ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለትና ደግፋ ወደ ቤት አስገባችው።

ፍሳሹ ቆመ። እሑድ ፈናን ስትደውል ዋጋዬ ኩራት ቢጤ እየተሰማት ሥራዋን ነገረቻት።

ጳጉሜ ላይ ግን የዛፉ ነገር አላማራትም። ከተቆረጠው ሁሉ ቡናማ ሙጫ ይወርዳል። ቅርፊቱ በተገፈፈበት በኩል ያሉት ቅጠሎች ጊዜያቸው ሳይደርስ ተጨማደዱ። ለማን ትናገር? ለዋቅጅራ መንገር ደግሞ ጭካኔ መሰላት። በዚያ በኩል ያለውን መጋረጃ መግለጥ ተወች።

አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ዘሪሁን መጣ። ዘሪሁን ችግኝ ጣቢያው ውስጥ በዋቅጅራ ሥር ሆኖ ሥራ የተማረ ሰው ነው። ሳይመጣ በመቆየቱ አፍሮ፣ ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ ምክንያት ሲደረድር ቆየ። ከዚያ የሚለው ጠፋውና አየር ልቀበል ብሎ ወደ ጀርባ በረንዳው ወጣ። ዋጋዬ ሻይ ይዛ ስትከተለው ዛፉ ሥር ቆሞ ሙጫውን በጥፍሩ እየነካካ አገኘችው።

«እትዬ ዋጋዬ፣ ይሄን መቼ ነው የቆረጡት?»

«ሐምሌ ላይ። ቤቱ አፈሰሰብን።»

ዘሪሁን ሊወቅሳት አልፈለገም። ቢሆንም ስትጠይቀው ነገራት። ቼሪ እንደ ሌላው ዛፍ አይደለም አላት፤ ቁስሉ ቶሎ አይደርቅም። በዝናብ ወራት ከተቆረጠ በሽታው ከውሃው ጋር በተቆረጠው በኩል ገብቶ ወደ ልቡ ይወርዳል። ዝናቡ አልፎ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ቅጠሉ ግን ገና ሳይረግፍ ነው የሚነካው።

«ይሄን ያስተማሩን እኮ ራሳቸው ጋሽ ዋቅጅራ ናቸው» አለ። «ሰማዩን ቀና ብለው ያዩና፣ ዛሬ አይነካም፣ ይቆይ ይሉን ነበር። በዝናብ መጋዝ ያነሳ ሰው ላይ ሲቆጡ ለጉድ ነው።»

ዋጋዬ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። የወንበሩ እጀታ ሲመታ የነበረው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ተመለሰ። ዘሪሁን ሻዩን ጠጥቶ፣ ጥቅምት ላይ መጥቼ የታመመውን አወጣለታለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ሄደ። እሷ በሩን ዘግታ ገባችና ከባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አትቁረጪ እያልከኝ ነበር» አለችው።

ዋቅጅራ አያት። ደህናውን እጁን አንስቶ ጉልበቷ ላይ አኖረው። እጁ ከባድ ነበር።

«እኔ እኮ ሳል ነው ብዬ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዋጋዬ ቃሉን ማዳመጥ ጀመረች። ቃሉ አንድ ቢሆንም አወጣጡ አንድ አይደለም። ቆረጥ አድርጎ ሲለው ውሃ ነው። ጎተት ካደረገው ያመመው ነገር አለ። ከፍ አድርጎ ጀምሮ ዝቅ ሲያደርገው ደግሞ ስለ ፈናን መጠየቁ ነው። ሁልጊዜ አይሳካላትም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስትገምት ትውልና፣ ትራሱ ነው? መስኮቱ ነው? ራዲዮው ነው? ስትል ቆይታ ሁለቱም ተናደው ጀርባ ይሰጣጣሉ። ብቸኝነቱ አልለቀቃትም። ግን እሱም ብቻውን እንደነበረ አሁን ገብቷታል፤ ያውም ከእሷ ይልቅ። እሷስ ቢያንስ ከዲጃን ደህና ዋልሽ ትላለች።

ጥቅምት ገባ። ሰማዩ ጠራ፤ የጭላሎ ተራራ ራስ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ጉም ይታያል። ስንዴው መቅላት ጀመረ። ዘሪሁን ደውሎ ለሥራ አርቦዬ እንደተላከ፣ ሲመለስ እንደሚመጣ ነገራት። ጠበቀች። አልመጣም። አንድ ጠዋት ቁርስ ካበላችው በኋላ ዋቅጅራ ከዘራውን አንስቶ ወደ ጀርባው በር አመለከተ። ዋጋዬ ልትጠይቀው አላስፈለጋትም።

ደግፋ አወጣችውና ዛፉን ጥሩ አድርጎ ከሚያይበት ቦታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። መጋዙን ስታነሳ ከዘራውን አወዛወዘ። ምን እንደፈለገ እስኪገባት ትንሽ ቆየች፤ መጋዙን ተቀብሎ ምላጩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ፊቱን ሲያጨማድድ ነው ከሐምሌ የቀረበት ቆሻሻ የታወሳት። ዋቅጅራ መርፌ ሲወጋ የተረፈ አልኮል ቤት ውስጥ ነበር። በጥጥ አድርጋ መጋዙን ወለወለችው። ከዘራው መሬት አረፈ።

መግባቢያቸው በዚያው ተገኘ። እሷ ቅርንጫፉን በመጋዙ ጀርባ ትነካለች። ልክ ከሆነ ከዘራው ሣሩ ላይ ይተኛል፤ ካልሆነ ይነሳል። መጀመሪያ የደረቁትን አስወጣት። ደረቅ ይሁን አይሁን ካልለየች ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቅ ታደርጋለች፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ከሆነ ይቀራል፣ ቡናማ ከሆነ ይሄዳል። ቀጥሎ እርስ በርስ የሚፋተጉትን፣ ከዚያ ወደ መሃል የበቀሉትንና ብርሃን የሚከለክሉትን አሳያት። ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ስትደርስ እንደ ሐምሌው ከላይ ልትጀምር መጋዟን አሳረፈች። ከዘራው ወንበሩን መታ። ቦታ ቀየረች፤ መታ። እንደገና ቀየረች፤ መታ። ተናዳ ልትወርድ ስትል መጋዙን ገልብጣ ከሥር አስጠጋችው። ከዘራው ሣሩ ላይ ተኛ። ከሥር ትንሽ አስገብታ ከዚያ ከላይ ስትቆርጠው ቅርንጫፉ ቅርፊት ሳይገፍ ፀጥ ብሎ ወደቀ።

«እንዲህ ነው ለካ» አለች ለራሷ።

የት ላይ እንደሚቆረጥም አሳያት። ወደ ግንዱ በጣም ስትጠጋ ይመታል፤ ራቅ ስትልም ይመታል። ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ሥሩ ላይ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ያበጠ ነገር አለው። ኮሌታው ሳይነካ ልክ ከእሱ ወዲያ ነው የሚቆረጠው። ዋጋዬ ዛፉን ከሠላሳ ዓመት በላይ ስታየው ኖራለች፤ ኮሌታ እንዳለው ያየችው ዛሬ ነው።

በመጨረሻ ከዘራው ቅርፊቱ የተገፈፈበትን ጎን አመለከተ። ያ ማለት የዛፉ እኩሌታ ነው።

«እሱንማ አልነካም» አለችው። «ምን ሊቀርለት ነው?»

ከዘራው አልወረደም።

«ዋቅጅራ፣ ይበቃል። ይሞትብናል።»

«ነገ» አለ ቀስ ብሎ። ይህኛውን አወጣጥ ከዚህ በፊት ሰምታው አታውቅም። ቁጣም ልመናም የለበትም፤ ሰው ለልጅ መድኃኒት ሲሰጥ እንደሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነው።

ቆረጠችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ክንዷ ሲዝል ወርዳ ታርፋለች፤ እንደገና ትወጣለች። ሲወድቅ መሬቱ ድም አለ። እንጨቱ መሃል ለመሃል ጠቁሮ ነበር፤ ግንዱ ላይ የቀረው ግን ነጭና ንጹሕ ነው። ዋጋዬ ወርዳ የተቆረጠውን ቁራጭ አመጣችለት። ዋቅጅራ ጥቁሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው፤ ከዚያ ጣለው። እሷም ሣሩ ላይ ከእግሩ አጠገብ ቁጭ አለች። ሻሿና ፀጉሯ የመጋዝ ብናኝ ሞልቶባቸዋል። ዋቅጅራ በግራ እጁ፣ ባልለመደ ጣት፣ ብናኙን ከፀጉሯ ላይ አንድ በአንድ ይለቅምላት ጀመር። ከዲጃ በአጥሩ በኩል እንጨቱን ትፈልጉት እንደሆነ ልጠይቅ ብላ ብቅ አለችና፣ አይታቸው ተመለሰች።

ውርጩ መጣ፤ ቅጠሉ ረገፈ። ከዚያ በኋላ ዛፉ ይኑር ይሙት የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም። የካቲት ላይ የተረፈው ጎን ሳሳ ያለ አበባ አወጣ። ፍሬውም ጥቂት ነበር፤ አብዛኛውን ወፎች በሉት። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ያህል የደረሰውን ዋጋዬ ዘሩን እያወጣች አጎረሰችው።

ዋቅጅራ ሰኔ ላይ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት አረፈ።

ለቅሶው ላይ የጠፋው ሰው ሁሉ መጣ። ድንኳኑ ሞላ። ኢተያና ሮቤ ድረስ ያሉ የሚያውቁት ሁሉ መጥተው ጨዋታውን፣ ተረቱን፣ ቀልዱን እያነሱ ሲያስቡት ሰነበቱ። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ዋጋዬም ስታለቅስም ስትስቅም ነበር። ግን እነሱ የሚያለቅሱለት ከጥር በፊት የነበረው ዋቅጅራ ነው። በኋላ የነበረውን፣ በአንዲት ቃል ስለ ልጁ የሚጠይቀውን፣ ከእሷ በቀር ያወቀው አልነበረም። ስለ እሱ የሚያወራት ሰው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ፈልጋ አጣች። ዘሪሁን አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ለእሱ ልትነግረው አሰበችና ከየት እንደምትጀምር ጠፋት።

ፈናን ሮቤ ካልወሰድኩሽ ብላ ለመነቻት። ዋጋዬ እምቢም አላለች፣ እሺም አላለች። ለገና በዓል ልጆቹን ላይ እመጣለሁ፣ አንድ ሁለት ወር እቆያለሁ አለች፤ ቤቱን ግን አልዘጋም።

ጥቅምት ሲመጣ መሰላሉን አወጣች። ከዲጃ ከሱቅ ስትመለስ ድምፅ ሰምታ በአጥሩ በኩል አየቻትና ዞራ በበሩ መጣች።

«ብቻሽን እዚያ ላይ ትወጫለሽ እንዴ? ብትወድቂስ ማን ያነሳሻል?» ብላ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

ዋጋዬ ደረቁን አወጣች፤ ወደ መሃል የበቀለውን አወጣች። ላይ ጫፉ ጋ ሁለት ቅርንጫፎች ተሻግረው ይፋተጋሉ። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ አንዱ ግን መሄድ አለበት። የቱ እንደሆነ የሚነግራት የለም። መጋዙን አንዱ ላይ አሳረፈች፤ አነሳች፤ ሌላኛው ላይ አሳረፈች። ከዲጃ ከታች እጄ ዛለ፣ ምን ሆንሽ አለቻት።

«ላስብበት ብዬ ነው።»

ወደ ቆርቆሮው ያዘነበለውን መረጠች። መጋዙን ከሥሩ አስገብታ ከዚያ ከላይ ጨረሰችው። ልክ ይሁን አይሁን የካቲት ሳይደርስ አይታወቅም።

የተቆረጠውን ሁለቱ እየጎተቱ ወደ ከዲጃ ግቢ አሻገሩት። ከዲጃ ምሳ ካልበላሽ አልለቅሽም አለቻት። ዋጋዬ እጄን ልታጠብና እመጣለሁ ብላ ወደ ቤቷ ገባች። በሩን አልፋ ኮሪደሩ ላይ እንደደረሰች «ጨረስኩ» አለች ጮክ ብላ።

ድምጿ መኝታ ቤቱ ድረስ ሄደ። ትንሽ ቆመች። ከዚያ እጇን ታጠበች፤ ፀጉሯ ላይ የነበረውን ብናኝ አራገፈች፤ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ከዲጃ ቤት ወጣች።